ቡና ሲቀመስ አለቃ ዝም ይላል

ባለፈው እሁድ የልጄ ጓደኛ ቤት መጥታ ነበር። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ "እትዬ፣ ሰሞኑን ቲም ሊደር አርገውኝ ስድስት ሰው ከስሬ ሆነ፣ ግን ምንም አላውቅም፣ እስቲ ስለ ሊደርሺፕ ጥሩ መጽሐፍ ይንገሩኝ" አለችኝ። እኔ ደሞ እውነቱን ለመናገር ስለ አመራር የተጻፈ መጽሐፍ ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። አጉል ነገር ቀባጠርኩና ሸኘኋት። ማታ ግን ሲቆጨኝ አደረ፣ 35 ዓመት ቡና ላኪ ቤት ሰርቼ፣ ከዛ ውስጥ 18ቱን ሥራ አስኪያጅ ሆኜ፣ ለአንዲት ልጅ የምላት ማጣቴ ያሳፍራል። ይሄው ለሷ ያልነገርኳትን ለሁላችሁም ልጻፈው። እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው፣ ቅደም ተከተል አትጠብቁ።

ከኮሜርስ በዲፕሎማ የተመረቅኩት በ1979 ነው። ያኔ የቡና ኤክስፖርት በአብዛኛው በመንግስት እጅ ስለነበር የተመደብኩትም የመንግስት መጋዘን ነው። አካውንታንት ነኝ ብዬ ቀሚሴን ተኩሼ ሄድኩ፣ ወንበር የለም አሉኝ። "ለጊዜው ለቀማ ጋር ተቀመጪና የገባ የወጣ ጆንያ መዝግቢ" ተባልኩ፣ ያ ለጊዜው የተባለው ስምንት ወር ሆነ። ለቀማ ማለት ለማታውቁት፣ ሴቶች ተደርድረው ቁጭ ብለው ጥሬውን ቡና በእጃቸው እያገላበጡ ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ ጠጠሩን የሚለቅሙበት ቦታ ነው፣ አቧራው አፍንጫ ይደፍናል፣ ክፍያውም ያው ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት እያለቀስኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ተምሬ ተምሬ እዚህ? እያልኩ።

አንዲት እድሜያቸው የገፋ ለቃሚ ነበሩ፣ ቆሜ ስጽፍ አይተው በርጩማቸውን ገፋ አድርገው "ነይ ቁጭ በይ፣ ቆሞ የሚያይሽ ሁሉ ሰላይ ነው የሚመስለው" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። መልቀምም ጀመርኩ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ መሰላቸቴ ነው እንጂ ትጋት እንዳይመስላችሁ። እጄ ሲንቀራፈፍ አይተው ደሞ "ጥሩውን አትፈልጊ ልጄ፣ ጥሩው ብዙ ነው፣ ዓይንሽ ጥቁሩን ይፈልግ" አሉ። እኚህ ሴትዮ ያስተማሩኝን ነገር ጥቅሙን ያወቅኩት ከ15 ዓመት በኋላ ነው። አንድ ገዢ ደውሎ ጉድለቱን፣ ማለት ጥቁሩን ስባሪውን፣ በግማሽ ቀንሳችሁ በሦስት ቀን ጫኑልኝ ሲለኝ፣ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች "እንችላለን፣ ችግር የለም" ይላሉ፣ እኔ ግን ስንት ሴት በቀን ስንት ጆንያ እንደምትለቅም በጣቴ ስለማውቀው አይሆንም አልኩ፣ ገዢውም አስር ቀን ሰጠን። ቢሮ ያደገ ሰው ያን ማለት አይችልም። (በነገራችን ላይ ያ ተለቅሞ የሚወጣውና ኤክስፖርት የማያልፈው ቡና የሚሸጠው እዚሁ ሀገር ውስጥ ነው፣ ቡናን ለዓለም የሰጠን ነን እያልን የምንጠጣው አብዛኛውን ጊዜ ፈረንጅ ያልፈለገውን መሆኑ ሁሌ ያናድደኛል፣ ግን እሱ ሌላ ጽሁፍ ይፈልጋል።)

ስለዚ መጀመሪያ የምላችሁ ይሄ ነው፣ ቦታ የለም ብለው ያልጠበቃችሁበት ጥግ ከወረወሯችሁ ወዲያው አትልቀቁ፣ ትንሽ ቆዩና ምን እንዳለ እዩ። ዕድሜ ልካችሁን ቆዩ አላልኩም። ስምንት ወር በቂ ነው፣ ዘጠነኛው ወር ላይ እኔም አብጄ ነበር።

ደርግ ወድቆ ንግዱ ሲከፈት፣ በ1985 መጀመሪያ ደሞ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲሄድ፣ ቡና መላክ አዋጭ ሆነና የግል ላኪዎች እንደ አሸን ፈሉ። እኔም አንዱ ጋ በሂሳብ ሠራተኝነት ገባሁ። በ1986 ክረምት ብራዚልን ውርጭ መታው፣ ያውም ሁለቴ፣ የኒውዮርክ ገበያ የቡና ዋጋ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እጥፍ አለፈ። መጋዘኑ ውስጥ ቡና የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጀምበር ሊቅ ሆነ። የኛም ድርጅት ባለቤት ጥሩ ሰው ነበር ግን ያን ሰሞን የሚናገረው ሁሉ ትንቢት ይመስለው ጀመር፣ አቅራቢው በጠራው ዋጋ ግዙ ይላል፣ እንገዛለን። እኔ ሂሳቡን ስለምይዝ ኦቨርድራፍቱ (ባንክ ከሂሳባችን በላይ እንድናወጣ የፈቀደልን ብድር) ጫፍ እንደደረሰ አያለሁ፣ ዋጋው ትንሽ ቢወርድ ምን እንደምንሆን ደምሬ ወረቀት ላይ ይዤዋለሁ፣ ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አልሰጠሁትም። ምን ብዬ? እሱ እኮ ስንት ዓመት የነገደ ሰው ነው፣ እኔ የዲፕሎማ ልጅ ነኝ፣ ደሞ ሁሉም ሰው እያጨበጨበ። ከዛ ገበያው ወረደ፣ በዓመት ከምናምን ውስጥ ከላይኛው ዋጋ ግማሹን አጣ፣ ድርጅቱም ባንኩን ለመክፈል ሁለት ዓመት ሙሉ ሲንገዳገድ ኖረ። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት፣ ለማንም አላሳየሁም፣ አሁን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የማወራው።

ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ደሞ የአሰብ ወደብ ቀረ። ሁሉ ነገር በአንዴ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ የኛ ሰነድ፣ የኛ ትራንዚተር፣ የኛ ልምድ ሁሉ አሰብ ነው፣ ማናጀሮቹ ቀን ከሌት ስብሰባ ናቸው። መፍትሄው የመጣው ከማን መሰላችሁ፣ ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር። ሰውዬው ለዓመታት በጋላፊ ኬላ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ ነው፣ የትኛው ኬላ ላይ ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ፣ ማን ጋር ምን ቋንቋ እንደሚወራ በቃሉ ያውቃል። ግቢ ውስጥ ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ማንም አልጠየቀውም። እኔም የጠየቅኩት በአጋጣሚ ነው፣ አበል ሊፈርም መጥቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቡና ቅምሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ናሙናው ለዘብ ተደርጎ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ለአንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይደረደራል፣ ፍል ውሃ ይጨመርበታል፣ አራት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ከዛ ቀማሹ ጎንበስ ብሎ ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ሰብሮ ያሸታል፣ አረፋውን ይገፋል፣ ትንሽ ሲበርድ በማንኪያ ወስዶ ፉት ይላል፣ ፉት ሲባል ደሞ በትልቅ ድምጽ ነው፣ እናቴ ብታይ በቁንጥጫ ነበር የምትነሳኝ፣ አፉ ውስጥ ያንከባልልና ይተፋል። ለምን አምስት ስኒ ካላችሁ፣ አንዲት የተበላሸች ፍሬ አንዱን ስኒ ብቻ ልታበላሽ ስለምትችል ነው፣ አንድ ብቻ ብትቀምስ ታመልጥሃለች። እና ትልቁ ደንብ ምንድነው፣ ሲቀመስ አይወራም። ሁሉም ውጤቱን የየራሱ ፎርም ላይ ይጽፋል፣ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ነው የሚወራው። ምላስ ሰው ይሰማል እኮ። አንዱ "ሎሚ ሎሚ ይላል" ካለ ሌላውም ሎሚ ይሸተዋል፣ አንዱ ፊቱን ካጨማደደ ሁሉም ያጨማድዳል።

እኔ ይሄን ደንብ አውቀው ነበር። ለአዲስ ሠራተኛ አስተምረውም ነበር። 1996 ላይ ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ፣ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ኮንቴይነር ወደ ጀርመን ልንጭን ነው። አንድ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ ነው፣ 19 ቶን ከ200 ኪሎ። ገዢው የተስማማበት ሳምፕል የተላከው ክረምቱ ሳይገባ ነው፣ መርከቡ ዘገየ፣ ምናምን ተባለ፣ ቡናው ክረምቱን ሙሉ መጋዘን ከረመ፣ ስለዚ ከመጫኑ በፊት እንደገና ይቀመስ ተባለ። ቅምሻ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰው አለ፣ አንዷ ከጅማ ተመርቃ የመጣች ገና ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ ናት። እኔ ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ገባሁ፣ ከአስሩ ስኒ ሁለቱን ቀመስኩ፣ እያወራሁ፣ "ንጹህ ነው፣ ይሂድ" ብዬ ወጣሁ። በቃ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ከወር ከምናምን በኋላ ኢሜይል መጣ። ቡናው ሻጋታ ሻጋታ፣ ጆንያ ጆንያ ይላል፣ ወይ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 25 የአሜሪካ ሳንቲም ቀንሱ ወይ አንረከብም። ሁለቱ ኮንቴይነር ሲሰላ ከ21 ሺ ዶላር በላይ ነው፣ ያኔ ዶላሩ 8 ብር ከምናምን ስለነበር ከ180 ሺ ብር በላይ፣ በዛን ጊዜ ይሄ ቀልድ አይደለም። ባለቤቱ ጠርቶኝ "ማነው ያሳለፈው?" አለኝ። "ቅምሻ ክፍሉ ነው" አልኩ። አያችሁ? እኔ ነኝ አላልኩም። ምላሴ ላይ የመጣልኝ ቅምሻ ክፍሉ ነው። ይሄን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ከዛ ቢሮዬ ገብቼ፣ ጥፋቱን የማን እንደማደርገው ልፈልግ ይመስለኛል፣ የዛን ቀን ፎርሞች አስመጣሁ። ሦስቱ ንጹህ ይላሉ። የልጅቷም ንጹህ ይላል፣ ግን ስሩ ላይ በእርሳስ ተጽፎ በላጲስ የጠፋ ነገር አለ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮት አዙሬ ብርሃን ላይ አየሁት። "3ኛ እና 4ኛ ስኒ፣ የጆንያ ሽታ" ይላል።

አስጠራኋትና "ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት፣ በቁጣ። እያለቀሰች "እርስዎ ንጹህ ነው ካሉ በኋላ እኔ ምን ልበል? ምላሴ የተሳሳተ መሰለኝ" አለች። ያኔ መሳቢያዬ ውስጥ የነበረችው የ1986ቷ ወረቀት ትዝ አለችኝ። እኔው ነኝ እኮ። 12 ዓመት ቆይቼ ወንበሩን ቀይሬ ያው ነገር።

ባለቤቱ ጋ ተመልሼ እኔ ነኝ ለማለት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ብዙ አልተቆጣም፣ እንዲያውም ያውቅ ነበር መሰለኝ። ቅምሻ ክፍል ገባሁና ከዛሬ ጀምሮ እርሳስ የለም፣ በእስክሪብቶ ብቻ ነው የሚጻፈው፣ የሚናገረው ደሞ መጀመሪያ ትንሹ ነው፣ እኔ መጨረሻ አልኩ። ከዛ ቀስ በቀስ ነገሩን ወደ ቢሮ ስብሰባም አመጣሁት፣ ዋጋ ስንወስን፣ ሰው ስንቀጥር፣ ኮንትራት ስንፈርም፣ መጀመሪያ የሚናገረው በደሞዝ ትንሹ ነው።

ይሄን ሰምታችሁ ቀላል ነው እንዳትሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አላመነኝም። ትንሹ እንዲናገር ስጠይቀው "እንደ እትዬ ሐሳብ" ይላል፣ እኔ ገና ሐሳብ ሳልሰጥ! እኛ ሀገር ልጅ አዋቂ ባለበት አይናገርም ተብሎ ያደገን ሰው ቢሮ ስላመጣኸው ብቻ አፉ አይከፈትም፣ ቤቱ የተማረውን ነው የሚያደርገው፣ በሱም አልፈርድም። ደሞ አንድ ቀን ስቶር ኪፐሩ ደፈረና "ይሄ ኮንትራት በተባለው ቀን አይደርስም፣ የይርጋጨፌው ቡና ገና አልገባም፣ መፈረም አልነበረብንም" አለ ሰው ሁሉ ባለበት። ፈራሚዋ እኔ ነኝ። ፊቴ ጠቆረ። ምንም አልተናገርኩም፣ አመሰግናለሁ ብያለሁ እንዲያውም፣ ግን ፊቴ ጠቆረ፣ ያን ሁሉም አየ፣ ከዛ በኋላ ሁለት ወር ስብሰባው መቃብር ነው። ሰው አፍህን አይሰማም፣ ፊትህን ነው የሚያየው። ስለዚ ፊቴን መስራት ነበረብኝ። ትስቁ ይሆናል ግን መስታወት ፊት ተለማምጃለሁ፣ ባለቤቴ አይቶ ምን ሆነሽ ነው ብሎኛል። በኋላ የገባኝ ዘዴ፣ መጥፎ ነገር ሲነገረኝ ወዲያው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፣ "መቼ አወቅክ?" አይደለም እሱ ምርመራ ነው፣ "አሁን ምን ቢደረግ ይሻላል?" የሚለውን። ጥያቄ ስትጠይቅ ፊትህ ለመጥቆር ጊዜ አያገኝም።

አንዳንዱ እንዲህ ካደረግሽ አለቅነትሽ ምኑ ላይ ነው ይለኛል። አለቅነቱማ መጨረሻ ላይ ነው፣ ሁሉንም ሰምቼ እወስናለሁ፣ የተሳሳተ እንደሆነ የኔ ነው። ድምጽ ብልጫ አይደለም። ብዙ ጊዜ የልጆቹን ሐሳብ ትቼ በራሴ ሄጃለሁ፣ ግማሹን ተሳስቻለሁ፣ ግን ሳላውቅ አልተሳሳትኩም።

ዘመድ መቅጠርን በተመለከተ አጭር ልበል። የእህቴን ልጅ ስቶር ቀጥሬው ነበር፣ ጎበዝ ነው ተብሎ። ሚዛን ላይ ጉድለት መታየት ሲጀምር ለሦስት ወር ማንም አልነገረኝም፣ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃላ። ይሄንንም እንግዲህ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። አሰናበትኩት፣ እህቴም አኮረፈችኝና ቡና ነጋዴ ሆኜ ሁለት ፋሲካ እህቴ ቤት ቡና ሳልጠጣ አለፈ። ዘመድ ስትቀጥሩ የምትቀጥሩት እሱን ብቻ አይደለም፣ የሌላውን ሰው ዝምታ አብራችሁ ነው።

ደሞዝ ጨመረልኝ ብሎ መልቀቅን በተመለከተ ደሞ እኔ እንደ እድሜ እኩዮቼ አልቆጣም። የቤት ኪራዩን እያየነው በታማኝነት ኑሩ ማለት ሼም ነው። ልቀቁ። ግን ስትለቁ ያልጨረሳችሁትን ሰነድ፣ ያልተመለሰውን ኢሜይል፣ የገዢውን ጠባይ ሳይቀር ጽፋችሁ አስረክቡ። የቡና ሰፈር ጠባብ ነው፣ ከሥራ ሲወጣ ፋይል ደብቆ የሄደ ልጅ ስሙ ከሱ በፊት ነው ቀጣዩ ቢሮ የሚገባው። የናንተም መስክ ባንክ ይሁን ሶፍትዌር የተለየ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ደሞ ለቢዝነስ ልጆች። በኛ ሥራ ለብዙ ዓመት ቡናውን በኪሳራ ሸጦ ዶላሩን አግኝቶ፣ በዶላሩ ብረት ወይ ጎማ ወይ ሌላ ነገር አስገብቶ ማትረፍ የተለመደ ጨዋታ ነበር። እኛም አድርገነዋል፣ አልዋሽም። ከሒሳብ አንጻር ያዋጣል። ግን ምን ሆነ፣ ቡናውን በጥሩ ዋጋ ለመሸጥ የሚለፋ ሰው ጠፋ፣ ለምን ይልፋ፣ ትርፉ ሌላ ቦታ ነው። ገዢ ማባበል፣ ስለ ዲፈረንሻል (ከኒውዮርክ ዋጋ ላይ የሚጨመረው ወይ የሚቀነሰው) መከራከር፣ ጥሩውን ሎት ለይቶ ለብቻው መሸጥ፣ እነዚህን ሳይማሩ አስር ዓመት ኤክስፖርት ማናጀር የተባሉ ልጆች አፈራን። እኔም ራሴ አፍርቻለሁ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል እኔ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ነበርኩ፣ ከነዚህ ልጆች አንዱ ደውሎ "እትዬ፣ አሁን እኮ ከቡናው ራሱ ማትረፍ ሊኖርብን ነው" አለኝ፣ እንደ አደጋ። ሳቅኩ፣ ስልኩን ስዘጋ ግን አዘንኩ፣ ጥፋቱ የሱ አይደለማ። እና አሁን ያላችሁበት ድርጅት የሚያተርፈው በምን እንደሆነ በደንብ ጠይቁ፣ ከሥራችሁ ነው ወይስ ከሆነ ክፍተት? ክፍተቱን መጠቀም ኃጢአት አይደለም፣ ግን ሲዘጋ እጃችሁ ላይ ምን ሙያ እንዳለ ከወዲሁ እወቁት።

ስለዛች በእርሳስ ጽፋ ስላጠፋችው ልጅ ሳልነግራችሁ። አሁን ሌላ ላኪ ቤት የጥራት ኃላፊ ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት። ባለፈው ጥር "ኑና የዘንድሮውን ሲዳማ ቅመሱልን" ብላ ጠራችኝ፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ወጣቶች አሉ፣ ማንም አይናገርም፣ ሁሉም በእስክሪብቶ ይጽፋል፣ ያን ሳይ ትንሽ ዓይኔ ረጠበ። ሲያልቅ "እንግዳ ስለሆኑ ዛሬ እርስዎ ይጀምሩ" አለችኝ፣ አውቃ ነው ተንኮለኛ። እኔም ባልቴት ሆኜ ደንቡን ረስቼ "በጣም ንጹህ ነው፣ ደስ ይላል" አልኩ። ትንሽ ጸጥ አለ። ከዛ ጥግ ላይ ያለ መነጽር ያደረገ ልጅ፣ ገና ተለማማጅ ነው አሉ፣ "ይቅርታ እትዬ፣ ሁለተኛዋ ስኒ ላይ ትንሽ መጣጣ ነገር አለ" አለ።

ማንኪያዬን አጥቤ ደግሜ ቀመስኩት። መጣጣ ነው።